ኦቦ ቀመርና የባሕር ሥር እሳት

በየሰፈሩ ስለ ሁሉም ሰው የሚፈራ አንድ ሰው አለ። ሰፈር ያለ ቧንቧ ውሃ ሲኖር አይቻለሁ፤ ያለ መብራትም ኖረን አይተነዋል። ያለ ስጋተኛ ግን አይኖርም። እናንተም ዘንድ አለ። ልጃችሁ ብስክሌት መንዳት ሲጀምር ከአጥር በላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ፍሬኑ ይሠራል?» የሚለው እሱ ነው። ለሠርግ ድንኳን ስትተክሉ ገመዱን ጎትቶ የሚፈትሸው እሱ ነው። ሐኪም «ምንም የለብህም» ብሏችሁ ደስ ብሏችሁ ስትመለሱ፣ «ምንም የለብህም ያለህ አይቶ ነው ሳያይ?» ብሎ ምሳችሁን የሚያስጠላችሁም ሌላ ሰው አይደለም።

የሮቤው የእኛ ስጋተኛ ክቡር ኦቦ ቀመር ጀሊል ይባላሉ። «ክቡር» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ማዕረግ በመንግሥት ሳይሆን በጎረቤት ነው የሚሰጠው። ሥራቸው እህል ንግድ ነው። ከሲናናና ከገሰራ ገበሬዎች ስንዴ እየገዙ መጋዘናቸው ያስገባሉ። መጋዘኑ ያለው ከእኔ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። እኔ ጉዲሳ ደብተርና እስክሪብቶ ስሸጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ከመንገድ ማዶ ሲፈራልኝ ኖሯል።

ኦቦ ቀመር ፈሪ ናቸው ብትሏቸው ይቀየማሉ። ማንኛውም ስጋታቸው የሚጀምረው በዚህች ቃል ነው፦ «አልፈራሁም። ለማወቅ ያህል ነው።» ጋሪ ሲይዙ ባለ ጋሪውን «አልፈራሁም፣ ለማወቅ ያህል ነው፣ ይህ ፈረስ ዛሬ ምን በልቷል?» ይሉታል። ባለ ጋሪው ገብስ ይላል። «መቼ?» ይላሉ። ምርመራው ሲያልቅ ሙሉ ሒሳብ ከፍለው፣ እቃቸውን ጋሪው ላይ ጭነው፣ እሳቸው ከጎን በእግራቸው ይሄዳሉ። ከገበያ እስከ ቤታቸው ከፈረሱ ጋር እኩል ሲራመዱ ያላያቸው የሮቤ ሰው የለም።

ራዲዮ ሦስት አላቸው። አንዱ መጋዘን፣ አንዱ ቤት፣ አንዷ ትንሿ የኮታቸው ኪስ ውስጥ። ለምን ሦስት እንዳስፈለጋቸው ብጠይቃቸው፣ ሁለቱ ቢዋሹ ሦስተኛው እንዲያጋልጣቸው ነው አሉኝ። አዝመራ ሲደርስ ደግሞ አንዲት ጭብጥ የምታህል ደመና በጎባ በኩል ብቅ ካለች ክቡርነታቸው ምሳ የለም፣ እንቅልፍ የለም። አንድ ዓመት በረዶ የገሰራን ስንዴ መሬት ላይ ሲያነጥፈው እሳቸው ትክክል ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር አልተቻሉም።

ይህ ስጋታቸው ግን ለሰፈሩ የሚበጅበት ጊዜም ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው ስለ ልማት ሁለት ሰዓት ተናግሮ «እንግዲህ ጥያቄ ያለው» ሲል ኦቦ ቀመር እጃቸውን ያነሣሉ። «ጥያቄ አይደለም፣ ለማወቅ ያህል ነው። ይህን ጣሪያ የያዘውን አግዳሚ በቅርቡ ያየው ሰው አለ?» ሁላችንም ቀና እንላለን። ካድሬውም ቀና ይላል። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ብዙም አይቆይም። የሰፈሩ ሰው ለዚህ ውለታቸው አመስግኗቸው አያውቅም፤ ግን እሳቸው ሳይመጡ ስብሰባ መግባት የሚፈልግ አልነበረም።

እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው አላህ ምን ዓይነት ልጅ ይሰጠዋል? ፈርዶሳን ሰጣቸው።

ፈርዶሳ ገና በአራት ዓመቷ የመጋዘኑ ጣሪያ ላይ የተገኘች ልጅ ናት። አዲስ አበባ ሄዳ ሥነ ምድር ተማረች፤ ሰፈራችን «የድንጋይ ትምህርት» ይለዋል። ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ እዚያው ማስተማር ጀመረች። ለእረፍት ስትመጣ ሰው ዘመድ ይጠይቃል፣ እሷ የሳነቴን ተራራ ብርድ ጠይቃ ጥቁር ጥቁር ድንጋይ በቦርሳ ተሸክማ ትመለሳለች። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ይህ ድንጋይ ድሮ ቀልጦ የፈሰሰ እሳት እንደነበር፣ ሳነቴም ራሱ ከእንዲህ ያለ ፍሳሽ የተሠራ መሆኑን ለአባቷ ነገረቻቸው። ሚስታቸው አዴ ጁሀራ እንደነገሩኝ ኦቦ ቀመር የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። በማግሥቱ ጠዋት በባዶ እግራቸው የቤታቸውን ወለል እየዳሰሱ ሲዞሩ ተገኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራራውን ተሻግሮ ከደሎ የመጣ መንገደኛ ሁሉ ሳነቴ ላይ መሬቱ ይሞቅ እንደሆነ ይጠየቅ ነበር። መንገደኛው በብርድ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «አይሞቅም» ይላቸዋል። እሳቸው ግማሹን ያምኑታል።

በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ አፋር ውስጥ መሬት ተሰነጠቀ። ሦስቱም ራዲዮዎች ተስማሙ፤ ይህ ሆኖ አያውቅም። ኦቦ ቀመር መደብሬ ገቡና ባንኮኒው ላይ ተደገፉ።

«ጉዲሳ፣ አልፈራሁም። ለማወቅ ያህል ነው። ከአፋር እስከ ሮቤ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«በጣም ሩቅ ነው ኦቦ ቀመር።»

«ለሰው ሩቅ ነው። ለመሬትም ሩቅ ነው?»

እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ከሄዱ በኋላ ወለሉን በጫማዬ ጫፍ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ፈርዶሳ ደብዳቤ ይዛ መጣች። አንዲት የውጭ አገር የምርምር መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ልታጠና ነው። ለአንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ቦታ አለ፤ የተመረጠችው እሷ ናት። ቤት ውስጥ ባሕር የሚለው ቃል እንዲነሣ ስላልተፈቀደ ነገሩን ያስረዳችኝ እኔ መደብር ውስጥ፣ የደብተር ካርቶን ላይ እየሣለች ነበር።

«ጋሽ ጉዲሳ፣ ባሕሩ ሥር ተራራ አለ» አለችኝ። «አንድ አይደለም፣ እንደ ሰንሰለት ተያይዞ ከአፋር አጠገብ ጀምሮ እስከ ህንድ ውቅያኖስ ይሄዳል። መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ነው። በስንጥቁ ቅልጥ ድንጋይ እየወጣ ይቀዘቅዝና አዲስ የባሕር ወለል ይሆናል። ጥያቄው ይህ ሁሉ ሙቀት ከየት ይመጣል ነው። ግማሹ ሊቅ ከአፋር ሥር፣ እጅግ ጥልቅ ከሆነ ቦታ፣ ትኩስ ዓለት እንደ ምሰሶ ተነሥቶ ይወጣል ይላል። ሌላው ምሰሶ የሚባል ነገር የለም፣ ምድር ራሷ እየተለጠጠች ስለሳሳች ነው ከሥሯ ያለው የሚቀልጠው ይላል።»

«ታዲያ ይህ በመርከብ እንዴት ይታወቃል?»

«ከመርከቧ ድምፅ ወደ ታች ይላካል። ድምፁ ወለሉን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ጥልቀቱን ይነግረናል። ከዚያ የብረት ቅርጫት በገመድ አውርደን እየጎተትን ድንጋይ እንለቅማለን፤ ከአፋር አጠገብ፣ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ከዚያ ደግሞ ራቅ ብሎ። ምሰሶው እውነት ከሆነ ወደ አፋር በቀረብን ቁጥር ተራራው ከፍ ማለት አለበት፣ ድንጋዩም የጥልቁን ምልክት መያዝ አለበት። ስንርቅ ምልክቱ እየጠፋ ይሄዳል። የሳነቴን ድንጋይም ይዤ እሄዳለሁ፣ የእኛ ተራራ የዚያው ሙቀት ዘመድ ይሁን አይሁን ለማስተያየት።»

«አንቺስ የቱን ታምኛለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «ስለማላውቅ እኮ ነው የምሄደው።»

ቀና ስል ኦቦ ቀመር በሩ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ እንጃ፤ ካርቶኑን ግን በደንብ አይተውታል።

«ገመዱ ቢበጠስስ?» አሉ።

«ቅርጫቱ ይቀራል አባ።»

«መርከቧስ?»

«መርከቧን ከገመዱ ጋር ምን አገናኛት?»

«አልፈራሁም። ለማወቅ ያህል ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በዚያ ባሕር ላይ ሽፍታ አለ ይላል ራዲዮ።»

ፈርዶሳ ለአባቷ ዋሽታ አታውቅም። «አለ አባ» አለቻቸው።

ሃያ ዓመት ሙሉ ኦቦ ቀመር ሲፈሩ ስቄባቸዋለሁ፤ ያን ቀን ግን የሚያስቅ ነገር አላገኘሁም።

በእኛ አገር ሩቅ መንገድ የሚወጣ ልጅ ሳይመረቅ አይሄድም። ምርቃቱን በኦሮምኛ ኤባ እንለዋለን። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ አባት ይጀምራል፣ የቀረው መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። አባት በሕይወት እያለ ሌላ ሰው አይጀምርለትም። ፈርዶሳ የፈለገውን ያህል የተማረች ብትሆን ሳትመረቅ አውቶቡስ እንደማትሳፈር ቁርጡን ተናገረች። መርከቧ የምትጠብቃት እስከ ተቆረጠው ቀን ብቻ ነው። ካልደረሰች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ደግሞ ሁለተኛ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የኦቦ ቀመርን አፍ መክፈት ብቻ ይጠብቅ ነበር።

ክቡርነታቸውም አፋቸውን የማይከፍቱበት ዘዴ ሲፈጥሩ ሰነበቱ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ምንጣፍ ላይ ከተቀመጡ በኋላ የመጋዘኑን በር ሳይቆልፉ እንደመጡ ትዝ አላቸው። ሊቆልፉ ሄደው ሽማግሌዎቹ እስኪበተኑ አልተመለሱም። በሁለተኛው ቀጠሮ ጥርሳቸውን አመማቸው። ጉንጫቸውን በፎጣ ጠምጥመው መናገር እንደማይችሉ በእጃቸው አስረዱ። አዴ ጁሀራ ግን ሕመሙ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ከቀኝ ጉንጭ ወደ ግራ መዛወሩን አስተውለዋል። በሦስተኛው ቀጠሮ ዋናው ሽማግሌ አባ ጉቱ ከሲናና በበቅሎ መጥተው ገና አረፍ ከማለታቸው ኦቦ ቀመር ትኩር ብለው አይተው «ፊትዎ ልክ አይደለም» አሏቸው። ሰው ሁሉ ደነገጠ። አባ ጉቱን ተሸክመን ማለት ይቻላል ጎባ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ ሰማንያ ዓመታቸውን ሰምቶ ገረመው፤ ከተሰለፈው ሰው ሁሉ ጤነኛው እሳቸው ነበሩ።

የፈርዶሳ አውቶቡስ ቅዳሜ ነው። ረቡዕ ከሰዓት መደብሬ መጣችና ስልኩ አጠገብ ቆመች። አዲስ አበባ ለመምህሯ ደውላ ቦታውን ለሌላ ሰው እንዲሰጡ ልትነግር ነው። ቁጥሩን ጀምራ ሦስት ጊዜ ዘጋችው። በአራተኛው «እርስዎ ይንገሩልኝ» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝና ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። «ቆይ ጠብቂኝ» አልኳትና መንገዱን ተሻገርኩ። ኦቦ ቀመር መጋዘናቸው ውስጥ ስንዴ ከረጢት ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሦስቱም ራዲዮ ተዘግቷል።

«ኦቦ ቀመር፣ ልጅቷን አስቀሯት» አልኳቸው። «ስልክ ይዛ ቆማለች። ደስ ይበልዎት።»

«አልከለከልኳትም።»

«አልመረቋትም።»

ከከረጢቱ ያመለጠች አንዲት የስንዴ ፍሬ በጣታቸው አሹ። ከዚያ ቀና ሳይሉ «ፈርቻለሁ ጉዲሳ» አሉ።

ለማወቅ ያህል ነው አላሉም። በሃያ ዓመት ውስጥ ያቺን ቃል እንዲህ ራቁቷን ከአፋቸው ስትወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምርቃት ከልብ ካልወጣ ንፋስ ነው» አሉ። «አፌ ሂጂ ሲላት ልቤ ቅሪ ይላታል። የእንዲህ ያለ ሰው ምርቃት ባሕር ላይ ምን ያደርግላታል? ምርቃቱን አምና ሄዳ መሐል መንገድ ላይ ቢለቃትስ? እንዳትሄድ ብዬ አይደለም። ሙሉ ልብ እስካገኝ ብዬ ነው ስሸሽ የከረምኩት። ማታ ማታ እፈልገዋለሁ፣ የለም።»

ይዤው የመጣሁት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። የደብተር ነጋዴ ነኝ፣ እንዲህ ላለ ነገር መልስ ከየት አመጣለሁ። ፈርዶሳን አትደውዪ አልኳትና አባ ጉቱን ላስመጣ ሲናና ሰው ላክሁ።

አባ ጉቱ በማግሥቱ ደረሱ። የሆስፒታሉን ነገር ገና አልረሱም፤ ቢሆንም ኦቦ ቀመርን አጠገባቸው አስቀምጠው ሁሉንም ሰሟቸው።

«አሁን ልብህ ውስጥ ያለው ምንድነው?» አሏቸው።

«ፍርሃት ብቻ ነው አባ።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

«እንግዲያው በእሱ መርቃት። ከሌለህ ነገር አውጥተህ ልትሰጣት ነው እንዴ የምትደክመው? ያለህን አንድ ሳታስቀር አውጣው።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ ተሰበሰብን። ሙስሊሙም እኛ ክርስቲያን ጎረቤቶቹም መዳፋችንን ዘረጋን። ፈርዶሳ መሬት ላይ አጎንብሳ ተቀመጠች። ኦቦ ቀመር ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ።

«ከማዕበል ያውጣሽ።» አሚን። «ገመዱ ሲበጠስ ጫፉ አንቺን አይንካሽ።» አሚን። «ከሽፍታ ዓይን ይሰውርሽ፣ ጀልባቸው ነዳጅ ይጨርስ።» አሚን። «ከበታችሽ ያለው እሳት አንቺ እስክታልፊ ይተኛ።» አሚን። «መርከቧን የሚነዱት ሰዎች እንቅልፋቸውን ጠግበው ይደሩ። ወጥ የሚሠራው ሰው እጁን ይታጠብ። ደረጃው አያዳልጥሽ። ሌላው ሰው ሲደፍር አይተሽ አትድፈሪ። የባሕር ብርድ ደረትሽ አይግባ።» አሚን፣ አሚን፣ አሚን።

መጀመሪያ ላይ ሳቄን ለመዋጥ ተቸግሬ ነበር። የወጥ ሠሪው እጅ ላይ ስንደርስ አንዱ አምልጦታል። ኦቦ ቀመር ግን አልሰሙም። ላባቸው እየወረደ፣ ዓይናቸው ተከድኖ፣ አንዱን ፍርሃት አውጥተው ሳንጨርስ ሌላውን ያመጣሉ። ቆይቶ ማንም መሳቅ አልቻለም። እኔ ልጅ የለኝም፤ አንድ ሰው ስለ ሌላ ሰው ይህን ያህል ነገር አስቦ እንደሚያድር አላውቅም ነበር። በመጨረሻ «ነጋን ዴሚ፣ ነጋን ገሊ» አሏት፤ በሰላም ሂጂ፣ በሰላም ግቢ ማለት ነው። ሰዓት ያየ ሰው አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጅቷል አለ።

አባ ጉቱ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉና ወደ ኦቦ ቀመር ዞሩ።

«በቃ። ስጋትህን ለአላህ አስረክበሃል። ልጅቷ ይህን ደጃፍ እስክትረግጥ ድረስ ስለዚህ መንገድ አንዲት የስጋት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። ሰጥቶ መልሶ መውሰድ ነውር ነው።»

ኦቦ ቀመር ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ለመናገር እስከ መስጊዱ በር እንኳ ቃላቸውን ጠብቀው የሚዘልቁ አልመሰለኝም።

ፈርዶሳ ቅዳሜ ሄደች። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በረረች፤ ከጅቡቲ መደብሬ ደወለች። ነገ እንነሣለን፣ መርከብ ላይ ስልክ የለም፣ በአሥረኛው ቀን ወደብ ስንመለስ እደውላለሁ አለችኝ። ቀኑን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያዬ ላይ በክብ ምልክት አደረግኩበት።

ኦቦ ቀመርም ዝም አሉ። ስለ መንገዱ ብቻ አይደለም፣ ስለ ሁሉም ነገር ዝም አሉ። የተላቀቀ ጎማ ያለው ጋሪ አጠገባቸው ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ። ደመና መጣ፣ ሄደ፣ ቀና አላሉም። የቀበሌ ስብሰባ አምስት ሰዓት ፈጀ። ሰፈሩ ግራ ገባው። ሰው ሁሉ በየራሱ ፍሬን፣ በየራሱ ጣሪያ መጠራጠር ጀመረ።

እኔ ደግሞ ራዲዮ ገዛሁ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ያ ራዲዮ በሶማሊያ ጠረፍ አንዲት መርከብ መጠለፏን ተናገረ። የመርከቧን ስም አልተናገረም፤ ከየት እንደተነሣችም አልተናገረም። ፈጥኜ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ነው ኦቦ ቀመር ሦስት እንዳላቸው ትዝ ያለኝ። ቀና ስል መጋዘናቸው በር ላይ ቆመው ወደ እኔ ያያሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ዞረው ገቡ።

አሥረኛው ቀን መጣ፣ አለፈ። አሥራ አንደኛውም አለፈ። ስልክ ሊደውል ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ተበላሽቷል እላለሁ፤ መስመሩ እንዳይያዝ። ቁጭ ብዬ የሌለ ስልክ ሲጮህ እሰማለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ግን ዓይኔን ስጨፍን ውሃ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ፈራሁ። እንደ ሰው ነበር የፈራሁት፣ ለማወቅ ያህል አልነበረም። ከፍርሃቱ በላይ ያናደደኝ ደግሞ ማዶ ያለው ሰው ዝምታ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ጋሪ ፈረስ ቁርስ ሲጨነቅ ኖሮ፣ ልጁ ባሕር ላይ ስትጠፋ እንደ ድንጋይ ይቀመጣል?

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ይህንኑ ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ አዴ ጁሀራ ናቸው።

«ምሳ ላይ ናቸው?» አልኳቸው።

«እየጾመ ነው።»

«ምን የሚባል ጾም? ረመዳን እኮ አይደለም።»

«ከሄደች ቀን ጀምሮ ነው። የጾመ ሰው ምላሱን መጠበቅ አለበት፣ ካልጾምኩ ያመልጠኛል ይላል።» አዴ ጁሀራ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሲያፈጥርም በሁለት ቴምር ነው። ብላ ስለው እምቢ አለ። አፌ ከተከፈተ ሌላ ነገር ይወጣል አለኝ።»

በአዴ ጁሀራ ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁ። ኦቦ ቀመር ጀርባቸውን ሰጥተውን ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፤ አንገታቸው ከኮሌታው መሐል ቀጥኖ ይታያል። የጸሎት መቁጠሪያቸውን ፍሬ አንድ በአንድ ያሳልፋሉ። አንጀቴን በሉት። ልናገር የመጣሁትን ሁሉ ውጬ በመጣሁበት እግሬ ተመለስኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽ ጉዲሳ፣ እኔ ነኝ።»

የደብተር ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ፈርዶሳ ትናገራለች፣ መስመሩ ይቆራረጣል። ስለተጠለፈችው መርከብ ሰምቶ ካፒቴኑ መንገድ ቀይሮ ሩቅ ወጣ፣ ከዚያ ክፉ ንፋስ ያዛቸው፣ ለዚህ ነው የዘገዩት። አሁን ጅቡቲ ወደብ ናት። ገመዱ ሁለት ጊዜ ተበጥሷል፤ ቅርጫት ቀርቷል፣ ሰው አልተነካም። ተራራው ወደ አፋር ሲጠጉ በእርግጥ ከፍ እያለ ሄዷል። ድንጋዮቹ ግን ገና ቤተ ሙከራ መግባት አለባቸው፤ ምሰሶው አለ ወይም የለም ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር ገና ነው።

«አባ አሉ?» አለች።

በሩ ላይ ቆሜ ስማቸውን ጠራሁ። ኦቦ ቀመር ቀኝ ግራ ሳያዩ መንገዱን ተሻገሩ። ባለ ጋሪው ልጓም ስቦ ነው ያዳናቸው፤ ደንግጦ መሳደብ እንኳ አልቻለም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«አባ?» ስትል ድምፅዋ ለእኔም ተሰማኝ።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣም። ልጅቷ ገና ደጃፋቸውን አልረገጠችም፤ አውሮፕላን አለባት፣ ከአዲስ አበባም የአንድ ቀን አውቶቡስ። ሊሏት የሚፈልጉት ነገር ሁሉ ደግሞ ስጋት ነው፤ ሌላ ቋንቋ አያውቁም። «አባ፣ ይሰሙኛል?» ትላለች። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ስልኩን መልሰው ሰጡኝና ክንዴን ጨብጠው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

ገባኝ።

«ፈርዶሳ» አልኳት፣ «ምግብ በደንብ ትበያለሽ?»

ኦቦ ቀመር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ድምፅሽ ጎርነን ብሏል፣ ጉንፋን ይዞሻል እንዴ? ደረትሽን ትሸፍኛለሽ?»

ነቀነቁ። ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀሰሩ።

«አውሮፕላኑ ትልቁ ነው ትንሹ? አየሩ ደመና ከሆነ በማግሥቱ ብትመጪ ምን ይልሻል?»

እጃቸውን እንደ መሪ አዞሩ።

«ከአዲስ አበባ ስትነሺ ከሾፌሩ ጀርባ እንዳትቀመጪ። ሾፌሩንም እዪው፣ ዓይኑ ቀይ ከሆነ ውረጂ። ድንጋዩን ራስሽ እንዳትሸከሚ፣ ወገብሽ ይጎዳል።»

ኦቦ ቀመር ክንዴን ለቀቁና ስንዴ ሰፍሮ እንደጨረሰ ሰው በረጅሙ ተነፈሱ። እኔ ግን አልጨረስኩም፤ አሥራ ሦስት ቀን ያከማቸሁት የራሴም ነበረኝ።

«ሽፍቶቹንስ አይተሻቸዋል?»

«አንድ ጀልባ ከሩቅ አይተናል።»

«ፈርተሽ ነበር?»

«ፈርቼ ነበር። አባ ዓርብ ዕለት ሲመርቁኝ ያወጡትን አንድ በአንድ ስቆጥር ነው ያለፈልኝ።» ከዚያ በሳቅና በልቅሶ መሐል ባለ ድምፅ «ጋሽ ጉዲሳ፣ ይህን ሁሉ የሚጠይቁኝ እርስዎ ነዎት ወይስ አባ?» አለችኝ።

«ሁለታችንም» አልኳት።